አፍንጫ ምስክር አይሆንም

የአክስቴ ልጅ የሞተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ባጃጁን ዳር አቁሞ ጎማ ሲቀይር አንድ ፒክአፕ መጥቶ ወሰደው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወጣ ያለች፣ ዋናው አስፋልት መሀል ለመሀል የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም። እንደሷ ያሉ ከተሞች ብዙ ስለሆኑ የትኛዋንም ብትገምቱ አትሳሳቱም።

ሾፌሩ አልሸሸም። ይህን እመሰክርለታለሁ። ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ቀድመው የደረሱት የሰፈር ልጆች "አረቄ አረቄ ይሸታል" አሉ። በኋላ የመጣው ትራፊክ ፖሊስም ጠጋ ብሎ አሸተተውና "የመጠጥ ሽታ አለው" ብሎ ጻፈ። መለኪያ አልነበረውም። ሾፌሩ ጣቢያ ተወሰደ። ለጤና ተቋም ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ማኅተም የሚይዘው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። ላቦራቶሪው የሚከፈተው ጠዋት ነው። ደሙ የተቀዳው በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ከአደጋው 12 ሰዓት ቆይቶ። ውጤቱም "አልኮል አልተገኘም" የሚል ሆነ።

አክስቴ ወረቀቱን ሲያነቡላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ያ ሁሉ ሽታ ታዲያ የት ገባ?"

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላለ ነው። መልሱ ደግሞ ሙስና አይደለም፣ አስማትም አይደለም። ሒሳብ ነው።

የሰው ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው። ሰው ከሰው ቢለያይም በአማካይ በየሰዓቱ ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ያህል ይቀንሳል። በ12 ሰዓት 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የሀገራችን የሕግ ገደብ 80 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ አስሉት። አንድ ሰው ከገደቡ ሁለት እጥፍ በላይ ጠጥቶ ሰው ቢገጭ፣ ደሙ ከ12 ሰዓት በኋላ ከተቀዳ ወረቀቱ "ንጹሕ ነው" ሊል ይችላል። ወረቀቱ አልዋሸም። የተጠየቀው የጠዋቱን ነው፣ የመለሰውም የጠዋቱን ነው። የማታውን የጠየቀ አልነበረም።

ሾፌሩ ሰክሮ ነበር? አላውቅም። ችግሩም ይኸው ነው! ሰክሮ ከነበረ አንድ ቤተሰብ ፍትሕ አጥቷል። ሰክሮ ካልነበረ ደግሞ አንድ ሰው በዚያች ከተማ ዕድሜ ልኩን "ሰክሮ ሰው የገደለው" እየተባለ ይኖራል። በቦታው ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ወደ ቱቦ እፍ ቢል ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ይታወቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያቺን ሁለት ደቂቃ ነው የነፈግናቸው፤ ለሟችም ለገዳይም።

ስለ ትንፋሽ ምርመራ በተነሳ ቁጥር ግን የምሰማው ሌላ ነው። "ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው"፣ "ማሽኑ ይዋሻል"፣ "ትክክለኛው ደም ነው"፣ "ሰውን ማንገላታት ነው"። ዛሬ እነዚህን አንድ በአንድ ላንሳቸው። በመጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንግባባ፣ ምክንያቱም ብዙው ተቃውሞ የሚመጣው መሣሪያው ሽታ የሚያሸት ስለሚመስለን ነው።

አያሸትም። የጠጣነው አልኮል ከሆድና ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዙሪያ ሲያልፍ ከአልኮሉ ጥቂቱ ተንኖ ወደ አየሩ ይሻገራል። ምን ያህል እንደሚሻገር በደሙ ውስጥ ባለው መጠን ይወሰናል። ደሙ ውስጥ ብዙ ካለ ትንፋሹም ላይ ብዙ አለ፤ ጥቂት ካለ ጥቂት። ስሌቱ ላይ በብዛት የሚሠራበት ቁጥር 2,100 ነው። በ2,100 ሚሊ ሊትር ጥልቅ ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት የኛ 80 ሚሊ ግራም በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.38 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። "ንፋ፣ ንፋ፣ አታቁም" የሚባለውም ለዚህ ነው። የሚፈለገው የአፍ አየር አይደለም፣ ከሳንባ ሥር የሚወጣው የመጨረሻው አየር ነው።

ስለዚህ ማስቲካ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ መምጠጥ አፍንጫን ያታልል ይሆናል እንጂ ሳንባን አያታልልም። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ጥሬ ሥጋም ያው ናቸው። ከጠጡ በኋላ ጉበትን የሚያፋጥን ነገር የለም። ጨብሲ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ጫቱ ስላነቃው ያልሰከረ ይመስለዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን አልተነቃነቀም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ።

*"ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት"*

ሁለት ምን? ይህች ሀገር እኮ የቢራ ሀገር ብቻ አይደለችም። የቢራ ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ተጽፏል። ብርሌ ላይ ምን ተጽፏል? የአንዷ ቤት ጠላ ቀጭን ነው፣ የሌላዋ ቤት ጠላ ያንገዳግዳል። ጠጁም እንደ ጣዩ፣ እንደ ሰነበተበት ቀን ነው። አረቄው እንደ አውጪዋ ነው። "ሁለት ጠጣሁ" ማለት በኛ ሀገር ምንም ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ሰውነታችን ይለያያል፤ የበላና ያልበላ፣ 50 ኪሎና 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው እኩል አይሰክሩም።

ደግሞ ጠጪው ራሱን መዳኘት አይችልም። አልኮል መጀመሪያ የሚወስደው ያንኑ ዳኛ ነው። "ደህና ነኝ፣ ልነዳ እችላለሁ" የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም፤ ከልቡ ነው። ሚዛኑ የተሰበረበት ነጋዴ "ኪሎው ልክ ነው" ሲል እንደማለት ነው። ከውጭ የሚለካ ነገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

*"ትክክለኛው ደም ነው"*

እስማማለሁ፤ ደም ቀጥተኛ ነው። ግን ደም ለመቅዳት ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ንጹሕ መርፌ ያስፈልጋል፣ ናሙናው እንዳይበላሽ መከላከያ ያለው ብልቃጥ ያስፈልጋል፣ የሚመረምር ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፣ ናሙናው በማን እጅ ገብቶ በማን እጅ እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ ራሱ ክርክር ያስነሳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ሰዓት ይሄዳል። የሚፈለገው ማስረጃ ደግሞ በየደቂቃው እየጠፋ ያለ ነገር ነው። ትክክለኛ ሆኖ ከሚዘገይ ምርመራ፣ ትንሽ ጠበብ ያለ ልዩነት ኖሮት በሰዓቱ የሚደርስ ምርመራ እውነቱን ይበልጥ ይነግረናል።

ክብርም አለ። ያለ ፈቃድህ ሰውነትህን በመርፌ መወጋትና ቱቦ ላይ እፍ ማለት አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በርችፊልድ ከሰሜን ዳኮታ ጋር በተከራከረበት መዝገብ ይህንኑ ለይቶ ወስኗል። ጠጥቶ በመንዳት በሕግ አግባብ የተያዘ ሾፌር ትንፋሹ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊመረመር ይችላል፤ ለደም ግን በመርሕ ደረጃ ማዘዣ ያስፈልጋል። "ሰውን ማንገላታት ነው" የምትሉ ወዳጆቼ፣ እናንተ ደም ይሁን ስትሉ የበለጠ የሚያንገላታውን እየመረጣችሁ ነው።

ደም ይቅር አላልኩም። ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባ ሾፌር እፍ ሊል አይችልም፤ ለሱ ደም ነው። በትንፋሹ ውጤት የማይስማማ ሾፌርም "ደሜን መርምሩልኝ" የማለት መብት ሊኖረው ይገባል። ግን መጀመሪያ ትንፋሽ፣ በቦታው፣ በሰዓቱ።

*"ማሽኑ ይዋሻል"*

ሊሳሳት ይችላል። ስህተቱ ግን የታወቀ ነው፣ መከላከያውም የታወቀ ነው። አሁን የጠጣ፣ ወይም አልኮል ባለበት መድኃኒት አፉን የተጉመጠመጠ፣ ወይም ያስመለሰ ሰው አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። መፍትሔው 15 ደቂቃ መጠበቅና እንደገና ማስነፋት ነው። የአፉ አልኮል በ15 ደቂቃ ይጠፋል፤ የደሙ አይጠፋም። ስኳር ያለበት ሰው ትንፋሹ ላይ አሴቶን ሊኖር ይችላል፤ በፕላቲኒየም ሴንሰር የሚሠሩት ጥሩ መሣሪያዎች አሴቶንን እንደ አልኮል አይቆጥሩም። ርካሾቹ፣ ለቁልፍ መያዣ የሚሸጡት ግን ያምታታሉ፤ እነሱን ይዞ ሰው መክሰስ ነውር ነው። ማንኛውም ሚዛን እንደሚፈተሸው ይህም መሣሪያ በየጊዜው ካሊብሬሽን ይፈልጋል። በሽታ ያስተላልፋል ለሚለው ደግሞ፣ ቱቦው ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ከፕላስቲኩ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፣ ካልሆነ አልነፋም በሉ።

ስለ 2,100 አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሰው ላይ ትክክለኛው ቁጥር ወደ 2,300 የሚጠጋ ነው። ይህ ማለት መሣሪያው በአብዛኛው ጊዜ የሚያሳየው ደም ውስጥ ካለው ትንሽ ዝቅ ያለውን ነው። ሲሳሳትም ብዙውን ጊዜ የሚያደላው ለሾፌሩ ነው።

አሁን አማራጩን እዩት። ማሽኑን ስናወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? የፖሊሱ አፍንጫ ነው። አፍንጫ ካሊብሬሽን የለውም፣ ወረቀት አያትምም፣ ጉንፋን ይይዘዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍንጫ ይደራደራል። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ የሚኒባስ ሾፌር ዓይኑ ቀልቶ፣ አንደበቱ ዝሎ "ጠጥተሃል" ሲባል በምን ይከራከራል? "የሻይ" ሰጥቶ ይሄዳል። በእውነት የጠጣውም "የሻይ" ሰጥቶ ይሄዳል። የጠጣውና ያልጠጣው እኩል የሚከፍሉበት ሥርዓት ነው ያለው። ሰዓቱንና ቁጥሩን የሚመዘግብ መሣሪያ ግን ያልጠጣውን ዜሮ ብሎ ያሰናብተዋል። ጠንቃቃ ሾፌሮች ሆይ፣ ይህ መሣሪያ ጠላታችሁ አይደለም። ጠበቃችሁ ነው።

*"ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው"*

ይህን ያልነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እንግሊዝ ውስጥ ባርባራ ካስል የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆና በ1967 የ80 ሚሊ ግራሙን ገደብና የመንገድ ላይ የትንፋሽ ምርመራን ስታስጀምር ተሰድባለች፣ ዛቻም ደርሶባታል። ባለመጠጥ ቤቶች ገበያችንን ገደልሽው አሏት። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በሀገሪቱ መንገዶች የሞተው ሰው ቁጥር ከ1,000 በላይ ቀነሰ። ሺህ ሰው! ከዚያ ግን ሌላም ነገር ታየ። ሰዉ "ለካ የሚያስቆመን ብዙም የለም" ብሎ ሲያውቅ ለውጡ እየሳሳ መጣ።

አውስትራሊያዎች ትምህርቱን ወሰዱ። ኒው ሳውዝ ዌልስ በታኅሣሥ 1982 በዘፈቀደ ማስቆም ጀመረች። ጠጥተሃል አልጠጣህም ብሎ ነገር የለም፤ የመጣው መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ሾፌሩ ይነፋል፣ ይሄዳል። በሰው ሞት የሚያበቃው አደጋ ወዲያው በግልጽ ቀነሰ። ብዙው ሰው ተይዞ አይደለም። ብዙው ሰው መኪናውን ቤቱ ትቶ መውጣት ስለጀመረ ነው። የዚህ መሣሪያ ጥቅም በያዘው ሰው ቁጥር አይለካም፤ በማይነሳው መኪና ነው የሚለካው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችሁን አስታውሱ። እዚያ ሁለት ቢራ ከጠጣ ቁልፉን ለሚስቱ የሚሰጠው፣ ወይ ኡበር የሚጠራው ሰው፣ ለዕረፍት ቦሌ በወረደ በሦስተኛው ቀን ውስኪ ጠጥቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ሲያስነሳ አላያችሁም? እኔ አይቻለሁ። ያው ሰው ነው። ጠባዩ በአውሮፕላን ላይ አልተቀየረም። ሕጉም እንዳይመስላችሁ፤ የቨርጂኒያ ገደብ 0.08 ነው፣ የኛም 0.08 ነው። ቁጥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚለካው መኖሩ ነው። የማይለካ ገደብ ገደብ አይደለም፣ ምክር ነው። ምክር ደግሞ ድግስ ላይ "በሞቴ አንዲት ብቻ" ለሚባል ሰው ምንም አያደርግለትም። በሞቴ እያልን የስንቱን ሞት እንደቀዳን እግዜር ይቁጠረው።

መጠኑ ለምን እንደሚያሳስብም ልንገራችሁ። በ1954 ዘመናዊውን የትንፋሽ መለኪያ የሠራው የኢንዲያና ግዛት ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ቦርከንስታይን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እሱ የመራው ጥናት በግራንድ ራፒድስ ከተማ አደጋ ያደረሱትንና ያላደረሱትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሾፌሮች በትንፋሽ ለካ። ያን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ደም ልቅዳ ቢል ማን ይሰጠዋል? ትንፋሽ ግን ሰጡት። የተገኘውም አልኮሉ ሲጨምር አደጋው አብሮ እንደማይጨምር ነው፤ ዘሎ ነው የሚጨምረው። ወደ 150 ሚሊ ግራም ሲደርስ አደጋ የማድረሱ ዕድል ካልጠጣ ሰው ወደ 25 እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ገደባቸውን 50 ላይ፣ ስዊድን ደግሞ 20 ላይ ያደረጉት ይህን የመሰለ ማስረጃ ይዘው ነው።

መሣሪያው ሁሉን አይፈታም። ጫት አያይም፣ ድካም አያይም፣ ስልክ እየነካካ የሚነዳውን አያይም። የሰካራም ሹፌርን ጉዳይ ብቻ ነው የሚያየው። ያንን ግን በደንብ ያየዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ መለኪያ የያዙ ትራፊኮች ይታያሉ፤ ይበል ነው። ከከተማዋ ስትወጡ ግን አስፋልቱ ይቀጥላል፣ መጠጥ ቤቱም ይቀጥላል፣ ፍተሻው ግን ይሳሳል። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ሰው የተጎዳበት አደጋ ሁሉ ላይ ሾፌሩ በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ይለካ። የሁሉም ሾፌር፤ ገጪውም ተገጪውም።

ሁለተኛ፣ ዋና መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ሁሉ ቢያንስ አንድ የሚሠራ፣ ካሊብሬሽኑ ያልተቃጠለ መሣሪያ ይኑራት።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ይታተም። ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ የመሣሪያው የመጨረሻ ፍተሻ ቀን ይጻፍበት። አንዱ ቅጂ ለሾፌሩ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ፍተሻው ሰሌዳ አይምረጥ። የመንግሥት ሰሌዳ ያለው መኪናም ይቁም፣ ባለሥልጣኑን የያዘው ሾፌርም ይንፋ፣ ባለሥልጣኑ ራሱ ከነዳም ይንፋ። አንድ ሰሌዳ ሲታለፍ ያየ ሾፌር ነገ "ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው" ቢል አልፈርድበትም።

አክስቴ ዛሬም ያንን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ የጉበቱን ሒሳብ፣ የ12 ሰዓቱን ነገር ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "እና ያን ለት ማታ ቢነፋ ኖሮ ይታወቅ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ እትዬ፣ ይታወቅ ነበር" አልኳት።

"እሱስ ቢሆን ይሻለው ነበር" አለች። ስለ ሾፌሩ ነው ያለችው።